ይድረስ ደመወዛችንን ለምታሰሉ፦ ሕጉ የተወልንን ብር አሳዩን

ይድረስ በመንግሥትም ሆነ በግል መሥሪያ ቤት ደመወዝ ለምትሠሩ የፋይናንስ ባለሙያዎች፣ የሥራ ውል ለምታዘጋጁ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፤

ግልባጭ ለገቢዎች ሚኒስቴርና ለገንዘብ ሚኒስቴር፤ እንዲሁም እንደ እኔ በወሩ መጨረሻ የባንክ መልእክት ለምትጠብቁ ተቀጣሪዎች ሁሉ።

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን የምጽፈው ከግብር ማምለጫ ብልሃት ፍለጋ አይደለም። ግብር እከፍላለሁ፤ መክፈልም አለብኝ። ነገር ግን የገቢ ግብር አዋጁ ራሱ «ይህ አይቀረጥ» ብሎ የተወልን ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ ለብዙዎቻችን አይደርሰንም። ሕጉ አልከለከለንም። ደመወዙ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ የሚነግረን ሰው ስለሌለ ብቻ ይቀርብናል።

ነጋዴ ግብሩን ራሱ ያሳውቃል። ደረሰኝ ይሰበስባል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ካልተስማማም ቅሬታ ያቀርባል። የእኛ ግን ገና እጃችን ሳይገባ ተቆርጦ ይሄዳል። አስልቶ የሚቆርጠው፣ ቆርጦም የሚያስገባው ቀጣሪው ነው። አብዛኞቻችን በሕይወታችን የግብር ቢሮ ደጃፍ የረገጥነው ቲን ቁጥር ለማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ግብሬ መጠየቅ ብፈልግ የምመጣው ወደ እናንተ ጠረጴዛ ነው። ደብዳቤውን ለእናንተ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

በምሠራበት ድርጅት በየወሩ 1,500 ብር «የሕክምና አበል» ይከፈለን ነበር። ብንታመምም ባንታመምም ይመጣል። ሁላችንም ደስ ብሎን እንቀበላለን። ገንዘቡ ከደመወዛችን ጋር ተደምሮ ግብር ይቆረጥበታል። እኔ 35 በመቶው እርከን ውስጥ ስለነበርኩ ከዚያ አበል ላይ ብቻ በየወሩ 525 ብር ይሄዳል። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች የሂሳብ ሠራተኛ ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ሠንጠረዡን፣ እያየች ቆየችና «ይሄ እኮ በደረሰኝ ቢወራረድላችሁ ኖሮ ግብር አይነካውም ነበር» አለችን።

እውነቷን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ ከተደረጉት ገቢዎች አንዱ ቀጣሪ ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ትክክለኛ ወጪ ነው። ነገሩ ሁሉ «ትክክለኛ ወጪ» የሚለው ላይ ነው። በየወሩ በጥሬው ሲሰጠን ደመወዝ ይሆናል፤ እንደ ደመወዝም ይቀረጣል። ታምመን፣ ታክመን፣ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ አምጥተን ሲተካልን ግን የሕክምና ወጪ ነው።

ቁጭ ብዬ ደመርኩት። 525 ብር በ60 ወር 31,500 ብር ይመጣል። በየወሩ ስለማልታመም ሙሉው ይተርፈኝ ነበር አልልም። ግን በእነዚያ ዓመታት ጥርሴን እያመመኝ «ደመወዝ ይግባና» እያልኩ ወራት ያስተላለፍኩበት ጊዜ ነበር። በተለይ ያን ጊዜ ሳስታውስ ይቆጨኛል። ድርጅቱ ክፉ አልነበረም። የበፊቱ የሂሳብ ሠራተኛም ክፉ አልነበረም። ኤክሴሉ ከእሱ በፊት በነበረው ሰው እንደተሠራ ይቀጥላል። ጠያቂ አልነበረም፤ ነጋሪም አልነበረም። ልጅቱ ከተናገረች በኋላ አሠራሩ ለመለወጥ የፈጀው ሦስት ሳምንትና አንድ የውስጥ ማስታወሻ ብቻ ነው። በስንት መሥሪያ ቤት ይህን የሚናገር ሰው ገና አልመጣም ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሐሰት ደረሰኝ አምጡ እያልኩ አይደለም። ደረሰኝ ከየትም አሠርቶ ማወራረድ ወንጀል ነው። ሰውየው ሲያዝ በሐቀኝነት የሚጠቀሙት ባልደረቦቹም አሠራሩ ይዘጋባቸዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እሱን ነውና።

«ደመወዝ ቢጨመርልኝ ግብሩ ይበላዋል፤ ባይጨመርልኝ ይሻላል» የሚል ሰው በየቢሮው አለ። ይህን ብሎ እድገት ያመነታ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ስህተት ነው። ከፍ ያለው መጣኔ የሚነካው ከእርከኑ በላይ የወጣችውን ብር ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይቀረጣል። እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ነው። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው።

ጥቅል ደመወዙ፣ ማለትም ምንም ሳይቆረጥለት ያለው ደመወዝ፣ 14,000 ብር የሆነ ሰው 2,850 ብር ግብር ይከፍላል። መቶ ብር ተጨምሮለት 14,100 ቢሆን ግብሩ 2,885 ይሆናል። ከመቶው ብር 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ይሄዳል፤ 58 ብር ለእሱ ይደርሰዋል። እርከን በመሻገሩ ከበፊቱ ያነሰ ብር ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው የለም።

እናንተ በፔሮሉ ላይ የምትጠቀሙበትን አቋራጭ እኛም ብናውቀው ጥሩ ነው። ጥቅል ደመወዙን ባለበት እርከን መጣኔ ማባዛት፤ ከዚያ የእርከኑን ተቀናሽ መቀነስ። በ15 በመቶው እርከን 300፣ በ20ው 500፣ በ25ቱ 850፣ በ30ው 1,350፣ በ35ቱ 2,050 ብር ይቀነሳል። ለምሳሌ ደመወዝ 20,000 ብር ቢሆን 35 በመቶው 7,000 ነው። 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ 1,400 ብር ነው። የሚደርሰው 13,650 ብር። በስልክ ካልኩሌተር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያ ቁጥር ባንክ ከገባው ጋር ካልተስማማ መጠየቅ ይቻላል። ሳያውቁ ግን መጠየቅ ከባድ ነው፤ ሰው «አልገባህም» እንዳይባል ይፈራል።

ማሻሻያው ስንት እንደቀነሰልንም በዚሁ ስሌት ይታያል። በድሮው ሠንጠረዥ 10,000 ብር የሚከፈለው ሰው 2,045 ብር ግብር ነበረበት። አሁን 1,650 ነው። ከ14,000 በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በወር 550 ብር ቀንሶለታል። 15,000ም ይከፈለው 50,000፣ ቅናሹ ያው 550 ነው።

ይህ 550 ብር ያልደረሳቸው ሰዎች አሉ። ስለ እነሱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

እኛ ሀገር ሥራ ስንጀምር የምንጠይቀው «ኔት ስንት ነው?» ብለን ነው፤ ሁሉም ተቆርጦ እጃችን የሚገባው ስንት ነው ማለታችን ነው። ቀጣሪውም «ኔት 15,000» ይላል፤ እንጨባበጣለን። ውሉም አንዳንዴ በኔት ይጻፋል። ግብሩንም ጡረታውንም ቀጣሪው «ይችላል»። ሲሰማ ደግ ይመስላል። አሁን በድሮው ሠንጠረዥ እናስላው። 15,000 ብር ኔት ለማድረስ ቀጣሪው 23,276 ብር ያህል ጥቅል ደመወዝ መመዝገብ ነበረበት። በአዲሱ ሠንጠረዥ ያንኑ 15,000 ለማድረስ 22,328 ብር ይበቃዋል። የ948 ብር ልዩነት ነው። ሠራተኛው አሁንም 15,000 ብር ይቀበላል። መንግሥት ለተቀጣሪው ብሎ የቀነሰው ግብር ግን ከቀጣሪው ወጪ ላይ ተቀነሰ። በዚያ ላይ ለጡረታ የሚመዘገበው ደመወዝም በ948 ብር ወረደ።

ሕግ ተጥሷል አልልም። ውሉ ኔት ይላል፤ ኔቱም ተከፍሏል። ግን እናንተ የሰው ሀብት ኃላፊዎች፣ ይህን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ሠራተኛው አያውቅም። ሥራ የምትጀምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ውላችሁን በጥቅል ደመወዝ አስጽፉ። ኔቱን ለራሳችሁ አስሉ። ግብር ሲቀንስ የእናንተ እንዲቀንስ ቁጥሩ በእናንተ ስም ይኑር። በኔት የቀጠራችሁ አሠሪዎች ደግሞ ጥቅሉን እንደነበረ ብትተዉት በበጀታችሁ ላይ አንድ ሳንቲም አይጨምርም፤ ድሮም ስትከፍሉት የነበረ ነው።

ሌላው የትራንስፖርት አበል ነው። በሥራ ውል መሠረት የሚከፈል የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። «በሥራ ውል መሠረት» የሚለውን አስምሩበት። በቃል የተሰጠ፣ በደመወዝ ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ ገንዘብ የትራንስፖርት ነው ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። 35 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሰው ከጭማሪው 1,000 ብሩ በጣሪያው ውስጥ ያለ የትራንስፖርት አበል ቢሆን 1,000ው ብር ይደርሰዋል። በደመወዝ ላይ ሲጨመር ግን 580 ነው የሚደርሰው።

ታዲያ ሁሉንም ወደ አበል እናዙረው? አይሆንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 «ደመወዝ» ሲባል የትራንስፖርት አበል አይቆጠርም። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ነው። የጡረታ መዋጮም የሚሰላው በደመወዝ ነው። ቤት ለመግዛት ብድር ብትጠይቁም ባንኩ ደመወዛችሁን ያያል። ስለዚህ አበል ጥሩ ነው፤ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ የመጣ አበል ግን ዛሬ የሚያተርፈውን ነገ ይወስደዋል። እኔ ብሆን ደመወዜን ሳልነካ ጭማሪ ሲመጣ ብቻ ነው የምጠይቀው።

ለሥራ ጉዳይ የሚከፈል የጉዞ ወጪና የውሎ አበል በመመሪያ በተወሰነው መጠን እንደማይቀረጥ አብዛኛው ሰው ያውቃል፤ ጎላ ብሎ የሚታይ ስለሆነ አላበዛበትም። አስቸጋሪ ቦታ ለሚሠሩ የሚከፈለው አበልም እንዲሁ ነው። ለሥራ ፈጠራ ወይም ወጪ ለሚቀንስ ሐሳብ የተሰጠ ሽልማት፣ ለተማሪ የተሰጠ የትምህርት ዕርዳታ፣ በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት የተከፈለ ካሣ፣ ለልጅ ማሳደጊያ የሚሰጥ ገንዘብም ከግብር ውጭ ናቸው። የቤት ሠራተኛ ደመወዝም አይቀረጥም። የቤት ኪራይ አበልና የስልክ አበል በጥሬው ሲሰጡ ግን እንደ ደመወዝ ይቀረጣሉ። ሁሉም «አበል» አንድ አይደለም።

አሁን ማንም ስለማያወራው ልጻፍ፤ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም ለሠራተኛው በስሙ ለወደፊት የሚጠራቀም የቁጠባ ገንዘብ። ቀጣሪ ለሠራተኛው ጡረታ ወይም ፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣው ገንዘብ ከወር ደመወዙ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ በሠራተኛው ላይ ግብር አያስከትልም። ቀጣሪ በግዴታ ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ነው። 4 በመቶ ክፍት ቦታ አለ ማለት ነው። ደመወዙ 20,000 ለሆነ ሰው 4 በመቶ 800 ብር ነው። ይህን በደመወዝ ብትጨምሩለት 280 ብር ግብር፣ 56 ብር ጡረታ ይቆረጥና 464 ብር ይደርሰዋል። በፈንዱ በኩል ስታዋጡለት 800ው ብር በስሙ ይቀመጣል። አዎ፣ ነገ ጠዋት አውጥቶ ጤፍ አይገዛበትም። ኑሮ ላጣበበው ሰው ጥሬ ብር ይሻለዋል፤ ይገባኛል። ግን ምርጫው ቢሰጠን የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ማኅበራት ያላችሁ ሠራተኞች በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ይህን አንሱት። ጭማሪ ሲመጣ ከፊሉን በዚህ በኩል ብሎ መጠየቅ ቀጣሪውንም አያስከፋውም፤ ለእሱም ያው ወጪ ነው፤ በዚያ ላይ ከመደበኛ ደመወዝ ጋር የሚመጣው የ11 በመቶ መዋጮ አይጨምርበትም።

ውዝፍ ክፍያም አለ። እድገት ይፀድቅና ክፍያው ከሦስት ወር በኋላ ባንድ ላይ ይመጣል። ደመወዙ ከ8,000 ወደ 10,000 ያደገ ሰው የሦስት ወር ልዩነት 6,000 ብር አለው። ይህ ብር በአንድ ወር ደመወዝ ላይ ተደፍቶ 14,000 ተብሎ ቢሰላ ግብሩ በ1,700 ብር ይጨምራል። በየወሩ ተከፋፍሎ ቢሰላ ጭማሪው በወር 500፣ በጠቅላላው 1,500 ብር ነው። 200 ብር ልዩነት አለው። ክፍያው የዘገየው በሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ስለዚህ እባካችሁ ውዝፍ ስትሠሩ ገንዘቡ የየትኛው ወር እንደሆነ ለይታችሁ አስሉ። ሠራተኛውም ውዝፍ የገባ ዕለት «እንዴት ነው የተሰላው?» ብሎ ይጠይቅ።

ከግብር ጋር ባይቆጠርም ከዚያው ስሊፕ (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት) ላይ ስለሚቆረጠው የወጪ መጋራት አንድ ቃል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ሰዎች ለትምህርታችን ቢያንስ ከደመወዛችን 10 በመቶ እየተቆረጠ እንከፍላለን። ዕዳው የሚያልቅበት ቀን አለው። ስንት እንደነበር፣ ስንት እንደተከፈለ፣ መቼ እንደሚያልቅ በስሊፑ ላይ ቢጻፍ ማንም በስህተት አንድ ወር ተጨማሪ አይቆረጥበትም። ሥራ ስትቀይሩ የከፈላችሁበትን ማስረጃ ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ክፉው ልምጣ። ስለ ግብር መቀነስ ሲወራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሁለት ውል የሚባል ነገር አለ። አንዱ ለግብር ቢሮ፣ አንዱ ለልብ። በወረቀት 5,000 ብር፣ በእጅ ሌላ 10,000 ብር። ሠራተኛውም ደስ ይለዋል፤ 5,000 ብር ላይ ግብሩ 500 ብር ብቻ ነው። አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬ በዚህ ዓይነት ቦታ ትሠራ ነበር። ወለደች። የወሊድ ፈቃድ በሕጉ ከመውለድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ነው፤ ከደመወዝ ጋር። ደመወዝሽ ስንት ነው ሲባል ወረቀቱ 5,000 ይላል። በእጅ የሚሰጠው ብር «ሥራ ላይ ላለ ሰው ነው» ተባለ። አራት ወር ሙሉ በ5,000 ብር አራስ ቤት ቆየች። ክስ ላቅርብ ብትል የፈረመችው ውል በእሷው ላይ ይመሰክራል። ስትመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ነበር። የሥራ ስንብት ክፍያዋም በዚያው በ5,000 ተሰላ። ለስንት ዓመት ያተረፈችው ግብር በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ሄደ። ጡረታዋ ደግሞ ገና ወደፊት የሚቆጠር ነው፤ ያ ሁሉ ዓመት በ5,000 ብር ደመወዝ ተመዝግቦ ተቀምጧል።

ይህን ውል የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ግብር የቀነሳችሁላት እንዳይመስላችሁ። ለጡረታዋ ልታዋጡላት የሚገባውን 11 በመቶ ነው ለራሳችሁ ያስቀራችሁት። ከ5,000 በላይ ላለው 10,000 ብር በወር 1,100 ብር ማለት ነው። ሠራተኛዋ «ግብር ቀረልኝ» ስትል ለእናንተም ይህ ቀርቶላችኋል።

ከእናንተ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም።

አንደኛው ስሊፕ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ስሊፕ መስጠት ትቷል። «ባንክ ገብቷል» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ነው የሚደርሰን። አንድ ቁጥር ነው። ከምን ላይ ምን ተቆርጦ እዚያ እንደደረሰ አይናገርም። እባካችሁ ስሊፑን መልሱልን፤ በወረቀት ካልሆነ በቴሌግራምም በኢሜይልም ይሁን። መደበኛ ደመወዝ፣ የሚቀረጥ አበል፣ የማይቀረጥ አበል፣ ግብር የሚሰላበት ጠቅላላ ገቢ፣ ግብር፣ የእኔ 7 በመቶ፣ የእናንተ 11 በመቶ፤ እያንዳንዱ በየመስመሩ ይጻፍ። በተለይ የእናንተ መዋጮ። ገንዘቡ በትክክል እየገባ መሆኑን የምናውቀው ስናየው ነው።

ደግሞ የሰው ሀብት ክፍሎች፣ አዲስ ሰው ስትቀጥሩ ስለ መግቢያ ሰዓትና ስለ ዓመት ፈቃድ እንደምትነግሩት ሁሉ ስለ ደመወዝ ግብሩም ሃያ ደቂቃ ስጡት። በጀት ዓመቱ ሐምሌ ላይ ሲለወጥ ደግሞ ለነባሮቹ። የሕክምና አበል በጥሬው የምትሰጡ ከሆነ በደረሰኝ ወደሚወራረድ አሠራር ለመለወጥ ሠራተኞቹን አማክሩ። ሁሉም አይስማማም ይሆናል፤ በየወሩ የሚመጣውን ብር የለመደ፣ ቤት ኪራዩን ከእሱ ጋር ደምሮ የሚከፍል ሰው አለ። አማክሩ እንጂ አትጫኑ። ከፊሉን እንዲህ፣ ከፊሉን እንዲያ ማድረግም ይቻላል።

የፔሮል ሠራተኞች፣ እናንተ ላይ ሥራ እንደሚበዛ አውቃለሁ። በወሩ መጨረሻ ሦስት ቀን ምሳ ሳትበሉ እንደምትውሉ አይቻለሁ። ስንጠይቃችሁ «ሕጉ ነው» ብላችሁ አትመልሱን። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ አሳዩን። አብረን እናንብበው። የእኛን ድርጅት ያነቃችው ልጅ አለቃ አልነበረችም፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም ነበር።

ለሚኒስቴሮቹ ሁለት ነገር አለኝ። ተቀጣሪ ግብር የማይከፍልበት ጣሪያ በአዋጅ ቁጥር 286/1994 ጊዜ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 600 ሆነ። በ2017 ዓ.ም. 2,000 ሆነ። ደስ የሚል ለውጥ ነው፤ ከልቤ አመሰግናለሁ። ግን በመካከሉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የሸቀጥ ዋጋ ሲንር ደመወዝ ትንሽ ትንሽ እያለ ተከተለው፤ የግብር እርከኑ ግን እዚያው ቆመ። አንድ ሰው የመግዛት አቅሙ ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ስላደገ ወደ 35 በመቶው ገባ። ላይኛው እርከን ከ10,900 ወደ 14,000 ብቻ ነው ከፍ ያለው፤ ዛሬ 14,000 ብር የሚከፈለው ሰው ሀብታም አይደለም። እርከኖቹ ሌላ አዋጅ እስኪወጣ ሳይጠብቁ በየጊዜው ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየታዩ ከፍ የሚሉበት መንገድ ይታሰብልን።

ሁለተኛው ቀላል ነው። በአዋጁ ከግብር ነፃ የተደረጉትን የተቀጣሪ ገቢዎች፣ በየመመሪያው ካስቀመጣችሁት ጣሪያ ጋር፣ በአንድ ገጽ በቀላል አማርኛ አውጡልን። አሁን አንዱ አዋጅ ላይ፣ አንዱ ደንብ ላይ፣ አንዱ መመሪያ ላይ ነው። መመሪያው ሲለወጥ የሚሰማው ቀጣሪው ነው፤ እኛ የምንሰማው ከተለወጠ ከዓመት በኋላ ከቡና ቤት ወሬ ነው። ገጿ በየመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከዕድሩ ማስታወቂያና ከክፍት የሥራ ቦታው ጎን ትለጠፍ።

በዚህ ወር ደመወዝ ስትሠሩ ከእኛ የአንዳችንን ስም ምረጡና መስመር በመስመር አንብቡት። የትኛው ብር ለምን እንደተቀረጠ ለራሳችሁ መልሱ። ከዚያ ለዚያ ሰው ደውሉና ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተቀጣሪ ግብር ከፋይ